የአፍ መጉመጥመጫ ልትገዙ ነው? የትኛው ለየትኛው ችግር እንደሚሆን

ፋርማሲ ገብታችሁ «ማውዝዎሽ አለ?» ስትሉ ብዙ ጊዜ የሚመለስላችሁ «የቱን?» የሚል ጥያቄ ነው። መደርደሪያው ላይ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ ጠርሙስ ተደርድሯል። ዋጋቸው ይለያያል። ሁሉም አፍ ያጸዳሉ ይባላል። አብዛኞቻችን ቀለሙን ወይም ዋጋውን አይተን አንዱን እናነሳለን።

ግን እነዚህ ጠርሙሶች አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም። አንዱ ለድድ ሕመም የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። አንዱ ጥርስ እንዳይቦረቦር የሚረዳ ፍሎራይድ ነው። ሌላው ደግሞ አፍን ለጥቂት ሰዓት ጥሩ ሽታ ከመስጠት ያለፈ ሥራ የለውም። የራስ ምታት ክኒንና የወባ ክኒን ሁለቱም ክኒን ስለሆኑ አንዱን በሌላው አንተካም አይደል? ይሄም እንደዚያው ነው። ስለዚህ «የቱ ይሻላል?» ከማለታችን በፊት «ለምን ፈለግኩት?» ማለት አለብን።

መጀመሪያ፦ የግድ ያስፈልጋል?

እውነቱን ልንገራችሁ። ጠዋትና ማታ ፍሎራይድ ባለው ኮልጌት ሁለት ሁለት ደቂቃ የሚቦርሽ፣ በጥርሶቹ መካከል በክር የሚያጸዳ፣ ድዱ የማይደማ ሰው መጉመጥመጫ ባይገዛም ምንም አይቀርበትም። (ኮልጌት ያልኩት በተለመደው አነጋገር ማንኛውንም የጥርስ ሳሙና ነው።)

ጥርስ ላይ የሚጋገረው ነጭ ቆሻሻ፣ ሐኪሞች ፕላክ የሚሉት፣ የሚያጣብቅ ነገር ነው። ድስት ላይ የያዘ ሽሮ ውሃ ስላፈሰስንበት ብቻ ይለቃል? አይለቅም። መፈግፈግ አለበት። ጥርስም እንደዚያው ነው። የትኛውም ፈሳሽ፣ ምንም ያህል ቢያቃጥል፣ ብሩሹን አይተካም። ማቃጠሉ ማጽዳቱን አያሳይም። የሚያቃጥለው አልኮሉና ሜንቶሉ ነው።

መፋቂያ የምትጠቀሙም አላችሁ። ከወይራ ወይም ከክትክታ የተቆረጠች፣ ጫፏ ተኝኮ እንደ ብሩሽ የተበተነች መፋቂያ በደንብ ከተያዘች ፕላክን ትፍቃለች። ከዚህ አንፃር ከማንኛውም ጠርሙስ ትበልጣለች። የሚጎድላት ፍሎራይድ ነው። በቀላሉ ወደማይደረስበት የመንጋጋ ጥርስ ጀርባም ለመግባት ያስቸግራታል። መፋቂያ ብቻ የሚጠቀም ሰው የፍሎራይድ መጉመጥመጫ ቢጨምርበት ትርጉም አለው።

ክሎርሄክሲዲን፦ ኃይለኛው፣ ግን የአጭር ጊዜው

ይሄንን በረጅሙ አወራለሁ፤ በራሴ ላይ ስለደረሰ።

ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ይደማ ነበር። ፋርማሲ ሄጄ ነገርኳቸው። «ክሎርሄክሲዲን 0.2%» የሚል ጠርሙስ ሰጡኝ። ጠዋትና ማታ ይጉመጥመጡበት ተባልኩ። እስከ መቼ እንደሆነ እኔም አልጠየቅኩም፤ የነገረኝም የለም። በሳምንቱ መድማቱ ቆመ። ደስ አለኝ። ሲያልቅብኝ ሌላ ገዛሁ። ከዚያም ሌላ።

ሁለት ወር አለፈ። መጀመሪያ የተለወጠብኝ ምግቡ ነው። ሽሮው አልጫ አልጫ አለኝ። ጨው ጨመርኩበት። አሁንም አልጣመኝም። ቤት ያሉት ግን «ኧረ ዛሬ ጨው በዝቷል» ይላሉ። ቡናውም ውሃ ውሃ አለኝ። አንድ ቀን መስታወት ፊት ቆሜ የታችኛውን ከንፈሬን ሳብ ሳደርግ፣ ድዱና ጥርሱ የሚገናኙበት መስመር ላይ እንደ ክር የቀጠነ ቡኒ ነገር ተጋድሟል። በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ አደረግኩት። አልለቀቀም። በብሩሽ ብዬ ብዬ ድዴን አቆሰልኩት እንጂ እሱ ንቅንቅ አላለም።

የጥርስ ሐኪሟ አፌን ገና እንዳየችው «ክሎርሄክሲዲን እየተጠቀሙ ነው?» አለችኝ። ቀጥላ ስለ ቡና ጠየቀችኝ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ያውም በየቀኑ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሎርሄክሲዲንን ከሌሎቹ የሚለየው አፍ ውስጥ መቆየቱ ነው። ከተፋችሁት በኋላም ጥርስና ድድ ላይ ተጣብቆ ለ12 ሰዓታት ያህል ባክቴሪያን ይከላከላል። ለዚህ ነው በቀን ሁለቴ ብቻ የሚበቃው። ጉዳቱም የሚመጣው ከዚያው ከመጣበቁ ነው። የቡናንና የሻይን ቀለም ይዞ ጥርስ ላይ ያስቀራል። የጨውና የመራራ ጣዕምን ያደበዝዛል። የጥርስ ድንጋይም፣ ማለትም ጠንክሮ የደረቀ ፕላክ፣ እንዲበዛ ያደርጋል። ደግነቱ እድፉ ላይ ላዩን ስለሆነ ሐኪም ዘንድ ጥርስ ሲታጠብ ይለቃል። ጣዕምም ስታቆሙ ይመለሳል። የኔም ተመልሷል።

የበለጠ ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። መድማቱ ስለቆመ የዳንኩ መስሎኝ ነበር። ከድዴ ሥር የተቀመጠው የጥርስ ድንጋይ ግን እዚያው ነበር። ፈሳሽ እዚያ አይደርስም። መጉመጥመጫው ምልክቱን አጥፍቶ ችግሩን ሸፈነልኝ። ሁለት ወር ሙሉ መሄድ የነበረብኝ ጥርስ ማሳጠብ ነበር።

ታዲያ ክሎርሄክሲዲን ለማን ነው? ጥርስ ወይም ድድ ላይ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት፣ ድዱ አብጦ ብሩሽ ማስነካት ላቃተው፣ ሐኪም ድንጋዩን ካጸዳለት በኋላ ድዱ እስኪያገግም ለሚጠብቅ ሰው ነው። ጊዜው ብዙ ጊዜ 2 ሳምንት ነው። ሐኪም ካላዘዘ በቀር ከ4 ሳምንት አይለፍ። በአሜሪካ 0.12 በመቶ የሆነው በሐኪም ማዘዣ ብቻ ነው የሚሸጠው። በእንግሊዝ ግን 0.2 በመቶው ያለ ማዘዣ ይገኛል። መጠናቸው ቢለያይም ሥራቸው ተቀራራቢ ነው፤ የመጀመሪያው 15 ሚሊ ሊትር ለ30 ሰከንድ፣ ሁለተኛው 10 ሚሊ ሊትር ለአንድ ደቂቃ ነው የሚያዘው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። የጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው አረፋ የሚያወጣ ንጥረ ነገር የክሎርሄክሲዲንን ኃይል ያዳክማል። ቦርሻችሁ ወዲያው ከተጉመጠመጣችሁ ገንዘባችሁን ነው የተፋችሁት። ቢያንስ 30 ደቂቃ አሳልፉ። አልፎ አልፎ ከባድ አለርጂ የሚያስነሳበት ሰውም አለ። ፊት ማበጥ ወይም መተንፈስ ማቃት ከመጣ ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ሌላም አለ። አፋችን ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ሁሉ ጠላት አይደለም። ከጎመንና ከቀይ ሥር የምናገኘውን ናይትሬት የደም ሥር ወደሚያፍታታ ነገር ለመለወጥ የሚረዱን ምላስ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ክሎርሄክሲዲን እነሱንም ይገድላል። በትንንሽ ጥናቶች ላይ ተጠቃሚዎች የደም ግፊታቸው በጥቂቱ ከፍ ሲል ታይቷል። ግፊት ያለባችሁ ሰዎች ያለ ሐኪም ምክር ለወራት አትጎትቱት።

ፍሎራይድ፦ በየቀኑ ለመጠቀም የተሠራው

ጠርሙሱ ላይ «ሶዲየም ፍሎራይድ 0.05%» የሚል ካለ ይሄ የየዕለት የፍሎራይድ መጉመጥመጫ ነው። 0.2 በመቶ የሚል ካገኛችሁ ደግሞ በሳምንት አንዴ የሚወሰድ ነውና አታምታቱት።

ሥራው አንድ ነው፤ የጥርስን የላይኛውን ጠንካራ ሽፋን ማጠናከርና መቦርቦርን መከላከል። ለድድ መድማት ብዙም አይረዳም። ለአፍ ጠረንም ያው ጥቂት ነው። የሚጠቅመው ጥርሱ ቶሎ ቶሎ ለሚቦረቦር፣ ጥርሱ ላይ ብረት ላሳሰረ፣ አፉ ለሚደርቅ፣ ጣፋጭ ለሚያበዛ ሰው ነው። ጫት የሚቅም ሰውንም እዚህ እጨምራለሁ። ጫት አፍ ያደርቃል፤ በዚያ ላይ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ይጠጣበታል። ምራቅ ሲያንስ ጥርስ መከላከያ ያጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። ቦርሸን ወዲያው እንጉመጠመጣለን። የጥርስ ሳሙና ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ብዙውን ጊዜ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (ከሚሊዮን ክፍል ውስጥ ያለው ድርሻ) ነው። 0.05 በመቶ የሆነው መጉመጥመጫ ግን ወደ 226 ፒፒኤም ገደማ ብቻ ነው ያለው። ስድስት እጥፍ ገደማ የበረታውን በደካማው አጠብነው ማለት ነው። ስለዚህ ከቦረሻችሁ በኋላ አረፋውን ትፉና ተዉት፤ በውሃም አትለቅልቁት። መጉመጥመጫውን ለሌላ ሰዓት አቆዩት። ለምሳሌ ከምሳ በኋላ፣ ቢሮ ብሩሽ በማይያዝበት ሰዓት፣ ጥሩ ነው። ከተጉመጠመጣችሁ በኋላ 30 ደቂቃ አትብሉ፤ አትጠጡም።

አሁን ወደ ስምጥ ሸለቆ ልውሰዳችሁ። ወንጂ ወይም ሌላ የስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያደገ ሰው ጥርሱ ላይ ቡኒ ነጠብጣብ ካያችሁ፣ አለመቦረሹ አይደለም። የከርሰ ምድር ውሃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ በዝቶ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ከዚያ በጣም የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ጥርስ ድድ ውስጥ ገና በሚሠራበት የልጅነት ዘመን ፍሎራይድ ሲበዛ ቀለሙ ከጥርሱ ጋር አብሮ ይሠራል። ስለዚህ በመጉመጥመጥም ሆነ በመፈግፈግ አይለቅም። በዚህ ምክንያት «አልቦረሽክም» እየተባለ የሚሸማቀቅ ልጅ ያሳዝነኛል።

እንደዚህ ያለ አካባቢ የምትኖሩ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ የፍሎራይድ መጉመጥመጫ አያስፈልጋቸውም። ከውሃው የሚያገኙት ይበዛባቸዋል። ለአዋቂ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የአዋቂ ጥርስ ተሠርቶ ያለቀ ስለሆነ፣ ተጉመጥምጦ በመትፋት አዲስ ነጠብጣብ አይወጣበትም።

አልኮል ያለውና የሌለው

ሊስተሪንን የማያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1879 አሜሪካ ውስጥ ሲሠራ ለቀዶ ሕክምና የታሰበ ጀርም ማጥፊያ ነበር። ስሙም የተወሰደው በቀዶ ሕክምና ላይ ጀርምን የመከላከልን ነገር ካስተዋወቀው እንግሊዛዊ ሐኪም ከጆሴፍ ሊስተር ነው። የአፍ ጠረን መድኃኒት ተብሎ ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በማስታወቂያ ነው። ከዚያ ወዲህ ነው ሰው ስለ አፉ ሽታ እንዲህ መጨነቅ የጀመረው ማለት ይቻላል።

በውስጡ ያሉት አራት ዘይቶች ናቸው፤ ታይሞል፣ ዩካሊፕቶል፣ ሜንቶልና ሜቲል ሳሊሲሌት። ዩካሊፕቶል ማለት ከባሕር ዛፍ ቅጠል የሚገኘው ነገር ነው። ጉንፋን ሲይዘን በባሕር ዛፍ ቅጠል የምንታጠነውን ሽታ አስታውሱ። እነዚህ ዘይቶች ፕላክንና የድድ መቆጣትን በእርግጥ ይቀንሳሉ። እንደ ክሎርሄክሲዲን ጥርስን አያጎድፉም። ለረጅም ጊዜ ለመጠቀም ከክሎርሄክሲዲን ይሻላሉ።

ጥያቄው አልኮሉ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት 26.9 በመቶ፣ የሚንት ጣዕም ያለው 21.6 በመቶ አልኮል አለው። ከወይን ጠጅ በላይ ነው። የአልኮሉ ዋና ሥራ ዘይቶቹን ማሟሟት እንጂ ጀርም መግደል አይደለም። አሁን ዘይቶቹን ይዞ አልኮል የሌለው ዓይነትም ይሸጣል።

የኔ ምርጫ አልኮል የሌለው ነው። አፉ ለሚደርቅ፣ የአፍ ቁስል ላለበት፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለልጆች፣ መጠጥ ለማቆም ለሚታገል ሰው ምርጫም መሆን የለበትም፤ አልኮል የሌለውን ብቻ ይውሰዱ። በሃይማኖት ምክንያት አልኮል አፋቸው ውስጥ ማስገባት ለማይፈልጉም መፍትሔው ይሄው ነው። ሐኪም ለሚወስደው መድኃኒት ብሎ «አልኮል እንዳትቀምስ» ያለውም ሰው ጠርሙሱን ገልብጦ ያንብብ። የመኪና ሹፌሮች ደግሞ ይሄን እወቁ፦ አልኮል ባለው ተጉመጥምጣችሁ ወዲያው በትንፋሽ መመርመሪያ ብትነፉ ያልጠጣችሁትን ሊያሳይባችሁ ይችላል። ሩብ ሰዓት ገደማ ካለፈ ይጠፋል። መጠጥ በጥብቅ በሚከለከልባቸው የባሕረ ሰላጤ አገሮች ለምትኖሩ ወገኖች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ለጥርስ ሕመም አረቄ አፍ ውስጥ ይዞ መቆየትም የለመድነው ነገር ነው። ለጊዜው ያደነዝዛል። ድዱን ግን ያቃጥለዋል፤ ጥርሱንም አያድነውም። ቅርንፉድ ከዚያ ይሻላል። ውስጡ ያለው ዩጂኖል የሚባል ዘይት የጥርስ ሐኪሞችም የሚጠቀሙበት ማደንዘዣ ነው። እሱም ቢሆን ሐኪም ቤት እስክትደርሱ ነው።

ሲፒሲ የሚባል ሌላም አለ። ሙሉ ስሙ ሴቲልፒሪዲኒየም ክሎራይድ ነው። መለስተኛ ጀርም ማጥፊያ ነው፤ አልኮል በሌላቸው ጠርሙሶች ውስጥ ብዙ ጊዜ የምታገኙት እሱን ነው። ከክሎርሄክሲዲን ይደክማል፤ ከባዶ መዓዛ ግን ይሻላል። የማያቃጥል ነገር ለሚፈልግ ሰው ደህና ምርጫ ነው።

የጨው ውሃ፦ ጓዳችን ውስጥ ያለው

ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ይኸው መጉመጥመጫ። እናቶቻችን ያውቁታል፤ የጥርስ ሐኪሞችም ይመክሩታል። ለአፍ ቁስል፣ ላበጠ ድድ፣ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ይሆናል። ቁስሉን ያጸዳል፤ እብጠቱንም ያስታግሳል። መቦርቦርን አይከላከልም፤ ፍሎራይድ የለውም። ነገር ግን ጥቂት ቀን ለሚቆይ የድድ ሕመም ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይሄን ሞክሩ። የምትውጡት ከሆነ ግን ግፊት ላለበት ጥሩ አይደለም፤ ተጉመጥምጦ መትፋት ነው።

ጥርስ ለተነቀለ ሰው አንድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ አለ። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ምንም ነገር አትጉመጥመጡ። ጨውም፣ ክሎርሄክሲዲንም፣ ውሃም ቢሆን። ጉድጓዱ ውስጥ የረጋው ደም የቁስሉ ክዳን ነው። አጥባችሁ ካነሳችሁት አጥንቱ ይጋለጣል፤ ሕመሙም ከጥርሱ ሕመም የባሰ ይሆናል። በማግስቱ ቀስ ብሎ፣ ጭንቅላትን ዘንበል ዘንበል እያደረጉ፣ በጨው ውሃ ይጀመራል። አፍን ሞልቶ በኃይል ማንቀጫቀጭ የለም።

ሶዳም ቤት ውስጥ ካለ ጥሩ ነው። በእርግዝና ጊዜ ጠዋት ጠዋት የሚያስመልሳት ሴት ወዲያው እንዳትቦርሽ። የሆድ አሲድ ጥርሱን አለስልሶታል፤ ብሩሹ ይጎዳዋል። አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ በአንድ ኩባያ ውሃ በጥብጣ ትጉመጥመጥ፤ ቆይታ ትቦርሽ። ስትገዙ ግን ቤኪንግ ሶዳና ቤኪንግ ፓውደር እንዳይምታታባችሁ። ፓውደሩ ውስጥ አሲድ ተቀላቅሎበታል። የምትፈልጉት ሶዳውን ነው።

ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚጠቀሙ አሉ። ፋርማሲ የሚሸጠው 3 በመቶ ከሆነ በእኩል ውሃ ይቀጠን፤ ለጥቂት ቀን ብቻ ይሁን። ሲበዛ ድድ ያቆስላል። «ጥርስ ያነጣል» የሚሉት መጉመጥመጫዎች ደግሞ አፍ ውስጥ የሚቆዩት ለደቂቃ ስለሆነ ብዙ ለውጥ አትጠብቁባቸው።

ለአፍ ጠረን ብላችሁ ከሆነ

አብዛኛው ሰው መጉመጥመጫ የሚገዛው ለዚህ ነው። ስለ ጠረን ማውራት ያሳፍራል። ሰው ጋ ቆሞ አፉን በእጁ የሚሸፍን ስንት ሰው አለ። ስለዚህ በግልጽ እንነጋገር።

አብዛኛው የአፍ ጠረን የሚመጣው ከሆድ አይደለም፤ ከአፍ ነው። በተለይ ከምላስ ጀርባ። እዚያ የተጠራቀሙ ባክቴሪያዎች የምግብ ቅሪትን ሲያፈርሱ ድኝ ያለባቸው ጋዞች ያወጣሉ። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ያው ጋዝ ነው። ራሳችሁን መፈተን ትችላላችሁ። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የሻይ ማንኪያ ገልብጣችሁ ምላሳችሁን ከጀርባ ወደ ፊት አንዴ ፈግፍጉ። ማንኪያው ላይ ቢጫ ወይም ነጭ ዝልግልግ ነገር ይወጣል። ግማሽ ደቂቃ ጠብቁና አሽትቱት። ሌላው ሰው የሚሸተው እሱን ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ምላስ መፋቅ፣ ከዚያ የጥርስ መካከል ማጽዳት፣ ከዚያ ነው መጉመጥመጫ። ከመጉመጥመጫው ዚንክ ያለበትን ፈልጉ። ዚንክ እነዚያን ጋዞች ስለሚይዛቸው ሽታውን ራሱን ይቀንሳል። ሲፒሲና ዚንክ አብረው ካሉበት የተሻለ ነው። ሚንት ብቻ ያለው ግን ሽታን በሽታ ይሸፍናል እንጂ ሌላ ሥራ የለውም።

የነጭ ሽንኩርት ነገር ልዩ ነው። በዓል ውለን፣ ነጭ ሽንኩርት በደንብ የገባበት ወጥ በልተን በማግስቱ የሚሸተን አፋችን ውስጥ የቀረው አይደለም። የነጭ ሽንኩርት ሽታ ወደ ደም ገብቶ በሳንባ በኩል ነው የሚወጣው። ስለዚህ ጠርሙስ ሙሉ ብንጉመጠመጥም አይጠፋም። ከምግቡ ጋር ወተት መጠጣት ጥቂት ይረዳል። የቀረውን ጊዜ ይወስደዋል።

በጾም ጊዜ የሚመጣው ጠረን ደግሞ በአብዛኛው ከመድረቅ ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ምራቁ ያንሳል። ከመተኛቱ በፊት ምላሱንና ጥርሱን በደንብ ማጽዳቱ ቀን ከመጉመጥመጥ የበለጠ ይጠቅመዋል። አልኮል ያለበት መጉመጥመጫ ደግሞ ድርቀቱን ያባብሰዋል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ጠረኑ ካልለቀቀ መጉመጥመጫ መቀያየሩን ተዉት። የድድ በሽታ፣ የተቦረቦረ ጥርስ፣ ቶንሲል ላይ የሚጠራቀም ጠጠር ወይም ሳይነስ ሊሆን ይችላል።

ልጆች

ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ ምንም ዓይነት መጉመጥመጫ አይሰጥም። ገና መትፋት አይችልም፤ ይውጠዋል። ከ6 ዓመት በላይ ላለ ልጅ ሐኪም ካዘዘለት፣ አጠገቡ ቆማችሁ፣ አልኮል የሌለውን ብቻ። መጀመሪያ በውሃ አለማምዱት፤ ተጉመጥምጦ ሁሉንም መትፋቱን እዩ። ጠርሙሱ ጣፋጭ ስለሚመስል ከልጅ እጅ አርቁት። ለአዋቂ ምንም የማይመስለው አልኮልና ፍሎራይድ ለትንሽ ልጅ መርዝ ነው።

እንግዲህ የቱን ልግዛ?

ሲያጥር እንዲህ ነው። ጥርሴ ቶሎ ይቦረቦራል የሚል 0.05 በመቶ ፍሎራይድ፣ ያውም ከመቦረሽ በተለየ ሰዓት። ድዴ ይደማል የሚል መጀመሪያ ሐኪም፤ ክሎርሄክሲዲን ካዘዘለት እስከ መቼ እንደሆነ ይጠይቅ። በየቀኑ ድዴን ልጠብቅ የሚል አልኮል የሌለው የዘይት ወይም የሲፒሲ ዓይነት። ጠረን ያስቸገረው ምላስ መፋቂያ ይግዛ፤ ገንዘብ ከተረፈው ዚንክ ያለበትን። ቁስል ያለበት የጨው ውሃ።

ጠርሙሱን ስትገዙ ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን አንብቡ። ፊቱ ላይ ያለው «ትኩስ ትንፋሽ» ነው፤ ጀርባው ላይ ነው ውስጡ ምን እንዳለ የተጻፈው። ስሙን ማንበብ ካስቸገራችሁ ፋርማሲስቱን «ውስጡ ያለው መድኃኒት ምንድን ነው? ለስንት ቀን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ያን ቀን ሁለተኛውን ጥያቄ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ሁለት ወር ባልባከነብኝ ነበር። ጊዜው ያለፈበት እንዳይሆንም ቀኑን እዩ።

ማንኛውንም መጉመጥመጫ እየተጠቀማችሁ ድዳችሁ ከሁለት ሳምንት በላይ ከደማ፣ ጥርሳችሁ ከተነቃነቀ፣ ወይም ምላስ፣ ጉንጭ ወይም ከንፈር ላይ የወጣ ቁስል በሦስት ሳምንት ካልዳነ፣ ባያምም እንኳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። በተለይ ሲጋራ የምታጨሱና መጠጥ የምታበዙ።